ካሣሁን ጎል ያገባባት ቅዳሜ

ሰው በስልሳዎቹ መጨረሻ ላይ ሆኖ፣ ግራ ጉልበቱን በላስቲክ ጠፍሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት በናይሮቢው ፓርክላንድስ ብርድ ኳስ የሚያባርረው ለምንድን ነው? ለጤና ነው ይላሉ። የቡድኑም ስም ጤና ቡድን ነው። አትመኗቸው። ጎል ለማግባት ነው። በዚያ ዕድሜው ጎል ያገባ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሚስቱ አትችለውም።

ካሣሁንም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ያን ቅዳሜ ግን ኳሷ መረቡን ስትነካ ለደስታ ያነሣው እጁ ከደረቱ ሳያልፍ ቀረ። ነገሩ አልጣመውም።

የሆነው እንዲህ ነው። ጃፈር ከኋላው ሲመጣ ሰማው። ጃፈር ኢስሊ ጨርቅ የሚነግድ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ እግሩ ግን ምሕረት የማያውቅ ተከላካይ ነው፤ ኳሷ ብታመልጠው ሰውየው አያመልጠውም። ካሣሁን ስንት ቅዳሜ ቅልጥሙን በጨው ውኃ ሲያሽ ያመሸው በዚህ ሰው ምክንያት ነው። ያን ቀን ግን ጃፈር መጣ፣ መጣና ገለል አለለት። ፊት ለፊት የቀረው በረኛው ባንታየሁ ነበር፤ ዌስትላንድስ ምግብ ቤት ያለው፣ ሆዱ ብቻውን የጎሉን ሩብ የሚሸፍን ሰው። ካሣሁን የመታት ኳስ እየተንከባለለች ሄደች፤ ሕፃን ልጅ በእግሩ የሚያቆማት ዓይነት ነበረች። ባንታየሁ አያት፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያም በወዲያኛው በኩል ወደቀ።

ሩጫው ስላቃታቸው መሃል ሜዳ ላይ ቆመው የሚዳኙት ጋሽ አቡዘር ፊሽካቸውን ነፉ።

"ጎበዝ ካሤ፣ እግርህን አይንካብን" አለ ጃፈር።

ይህ ሰው አብረው በተጫወቱበት ዘመን ሁሉ ካሣሁንን ጎበዝ ብሎት አያውቅም። የሚያውቀው "ባቡር" ብሎ መጥራት ነው። እሱም ለፍጥነቱ አይደለም፤ ለመዞር ስለሚፈጅበት ጊዜ ነው።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በጨዋታው የተሸነፈው የእነ ካሣሁን ወገን ነው። የቡድኑ ደንብ ደግሞ የተሸነፈው ወገን አምበል ለሁለቱ ወገኖች መለያ የሚለበሱትን ሰደርያዎች ቤቱ ወስዶ ያሳጥባል ይላል። ላብ የጠጣውን ያን ሁሉ ሰደርያ አሸክሞ መላክ ከጎል ይልቅ የሚያስደስታቸው ነገር ነው። አምበሉ ካሣሁን ነውና ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን ሊያነሣ ሲል ጃፈር ቀደመው።

"ተወው፣ እኔ አሳጥበዋለሁ። ብርነሽ ትረፍ" አለው፣ የካሣሁንን ሚስት ማለቱ ነው።

ካሣሁን ከነላቡ ቀዘቀዘ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ሁሉ ደግነት ደስ ይለው ነበር። ካሣሁን ግን የሚፈራበት ምክንያት አለው፤ እሱም የሚጀምረው ከደሴ ነው።

ካሣሁን የደሴ ልጅ ነው። በወጣትነቱ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባ፤ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፣ ሹፌር ሆነ፣ በኋላም መንገዱ ሲሰለቸው መሃል ከተማ ኪሪንያጋ መንገድ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። ብርነሽን እዚሁ ናይሮቢ አገባ፤ አንዲት ልጅ ወለዱ፣ ሉሊትን። ደሴ አባቱና ታናሽ ወንድሙ አስናቀ ቀሩ። አባቱን የጦረ አስናቀ ነው። የካሣሁን ድርሻ ስልክ መደወልና በሰው ዕቃ መላክ ነበር።

ከዓመታት በፊት ካሣሁን ሆዱን ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ቁስሉ አልድን ብሎ ብዙ አሠቃየው። በዚያው መሃል ደሴ አባቱ ሞቱ። አስናቀ ለባንታየሁ ደወለና "ቁስሉ ሳይጠግግ እንዳትነግሩት" ብሎ አስማለው። በአገራችን ወግ መርዶ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም፤ ጊዜ ተመርጦ፣ ሰው ተሰባስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። ጊዜው ሲመረጥ ሲመረጥ ግን ወራት አለፉ። ካሣሁን ድኖ ሜዳ ተመለሰ። ጃፈር ገለል ይልለት ጀመር። ባንታየሁም በወዲያኛው በኩል ይወድቅለት ጀመር። ሰደርያ የሚያሳጥበው አጣ። ሞኙ ካሣሁን ጉልበቴ ተመለሰ ብሎ ፈነጠዘ። በዚያው ደስታው ላይ ለአባቱ ሹራብ ገዛ፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋ። ለደሴ ብርድ ይሆናቸዋል ብሎ በሰው ላከው። አስናቀም በስልክ "ደርሶናል፣ አባባ መርቀውሃል" አለው።

መርቀውሃል። እሳቸው ያኔ አፈር ውስጥ ናቸው።

አንድ ማለዳ ጃፈር፣ ባንታየሁና ጋሽ አቡዘር ኮት ለብሰው በሩን አንኳኩ። ካሣሁንን በፒጃማ አገኙት። መርዶውን የተናገረው ባንታየሁ ነበር። ካሣሁን ጓደኞቹን ከርሞ ይቅር አላቸው፤ ቅዳሜ ያለ እነሱ ወዴት ይሄዳል? አስናቀን ግን "ለሞተ ሰው ሹራብ አስላክኸኝ" ብሎ ስልኩን ዘጋበት፤ እንደዘጋበትም ቀረ። አስናቀ በየበዓሉ ይደውላል፣ እሱ አያነሣም። በመጨረሻ አስናቀም ተወው። ከዚያ ወዲህ የወንድሙን ወሬ የሚሰማው በባንታየሁ በኩል ብቻ ነው። ባለፈው ፋሲካ ባንታየሁ "አስናቀን ስኳሩ ጎድቶታል አሉ" ሲለው "እግዚአብሔር ይማረው" ብሎ ሌላ ጨዋታ አመጣ። ማታ ግን እራቱን አልበላም፤ ብርነሽ ምን ሆንክ ብትለው ባንታየሁ ጋ የበላሁት ፉል ነው አላት።

እንግዲህ ጃፈር ገለል ሲል፣ ባንታየሁ ሲወድቅ፣ ሰደርያው ሲነሣለት ካሣሁን ያሰበው አንድ ነገር ነው። አስናቀ ሞቷል። ደብቀውኛል።

ከጨዋታ በኋላ ባንታየሁ ምግብ ቤት ሄዶ ፉል መብላት የማይሻር ደንብ ነው። ፉሉ ሰበብ ነው እንጂ የሚሄዱት ለመተራረብ ነው፤ ማን እንደወደቀ፣ ማን ባዶ ጎል እንደሳተ፣ የማን ሆድ ከማን ሆድ እንደሚቀድም ሳይነሣ አይበላም። ያን ቀን ትረባ የለም። ካሣሁን እጁን ሊታጠብ ሄዶ በመስተዋቱ ሲያያቸው አፍ ለአፍ ገጥመው ያወራሉ። ሲመለስ ጸጥ አሉ።

"ዘንድሮ ብርዱ ቀደመ" አለ ጃፈር ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ባንታየሁ አስተናጋጆቹን ትቶ ፉሉን ራሱ አመጣ። ቁጭ ከማለቱ ጎርሶ ሳይሆን አጉርሶ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ጉርሻ የካሣሁን ሆነ፣ ሁለተኛውም።

"ግፊትህን ተለካህ?" አለው።

"ደህና ነው።"

"መድኃኒቱን አታቋርጥ እንግዲህ። ሰው በኛ ዕድሜ ራሱን መጠበቅ አለበት። ድንጋጤም ጥሩ አይደለም።"

ካሣሁን የሚቀጥለውን ጉርሻ በእጁ መለሰው። ደህና ያልሆነ ወሬ የያዘ ሰው ነው ስለ ግፊት የሚጠይቅ።

"ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነህ አይደል?" አለ ጃፈር።

"ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ነኝ እንጂ ምን ቤት አለኝ?"

"ሜዳው ተይዟል" አሉ ጋሽ አቡዘር። "ትምህርት ቤቱ የራሱ ዝግጅት አለው። ቤትህ እረፍ።" ይህን ሲሉ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር፤ የጃፈር ሻዩ ላይ፣ የባንታየሁ ደግሞ በሩ ላይ።

ካሣሁን "አስናቀ አለ?" ብሎ ሊጠይቃቸው ፈለገ። ሁለት ቃል ናት። ነገር ግን ፈራ። ከጠየቃቸው ወይ ይዋሹታል፣ ወይ ይነግሩታል። እስካልነገሩት ድረስ ወንድሙ ደሴ ቁጭ ብሎ ስኳሩን እያማረረ ነው። ካሣሁን ቆጥቦ የኖረውን ኩርፊያ አሁን የሚጥልበት ቦታ አጣ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

ሰኞ ሱቁን እንደከፈተ ለሜዳው ጠባቂ ለሙቱአ ደወለ።

"ቅዳሜ ሜዳው ተይዟል ወይ?"

"ሙዜ፣ ባዶ ነው" አለው ሙቱአ፣ ጋሼ ማለቱ ነው። "እንዲያውም ጃፈር ደውሎ እኛ አንመጣም ብሎኛል። ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ከፈለጋችሁ ክፍት ነው።"

ካሣሁን ስልኩን አስቀመጠ። ሰው ስለ ሜዳ የሚዋሸው ለትንሽ ነገር አይደለም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳቸው ሐጅ ያደረጉ፣ ፉል ፊት ቁጭ ብለው ዋሹት።

በምሳ ሰዓት ሱቁን ከውስጥ ዘጋና የአስናቀን ቁጥር ፈለገ። አጥፍቶት አያውቅም። ነካው። አንዲት ሴት በተለመደ ድምፅዋ የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ ሊቀበሉ አይችሉም አለችው። ደግሞ ሞከረ፤ ያንኑ አለችው። ካሣሁን በፍሬን ሸራና በፊልትሮ ካርቶን መሃል ተቀመጠ። ትዝ ያለው ልጅነታቸው ነው። ደሴ፣ ከቤታቸው ጀርባ፣ በካልሲና በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ አስናቀ በረኛ ነበር። ትንሽ ነው፣ ግን ለወንድሙም አያዝንም። ካሣሁን ቢቆጣው፣ ቢለማመጠው፣ ከረሜላ ቢሰጠው፣ አንድም ቀን ሆን ብሎ ጎል አስገብቶለት አያውቅም። እንዲያ ያለ ልጅ አድጎ ስለ አባቱ እንዴት እንደዋሸው ሲያስብ ኖሮ ነበር። አሁን ግን ያሰበው ሌላ ነው፤ የዋሸው ለቁስሉ ሰስቶ እንደሆነ ያውቃል። ያኔም ያውቅ ነበር። አውቆ ነው ያኮረፈው። 

ረቡዕ ደግሞ ሌላ መጣ። የባንታየሁ ልጅ አቤል ነው። አቤል ዌስትላንድስ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ጸጉሩን እስከ ትከሻው ጎንጉኖ የሚሄድ ልጅ ነው። ካሣሁን በየቅዳሜው "ይህን ልጅ አንድ የሚላጭልኝ ይጥፋ?" እያለ አባቱን ሲያበሽቅበት ኖሯል። ልጁ ሱቁ በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ አላወቀውም። ጸጉሩ የለም። ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል።

"ጋሽ ካሣሁን፣ እንደምን ዋሉ" ብሎ እስከ ጉልበቱ ድረስ ጎንበስ አለ። "ለመኪና የፍሬን ሸራ ፈልጌ ነበር።"

"መኪና ገዛህ እንዴ?"

"ገና ነው፤ አልገዛሁም።"

"ጸጉርህን ምን ነካው?"

ልጁ አንገቱን አሻሸ። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። "እንዲሁ ነው ጋሼ። ለክብር ብዬ" አለ።

በአገራችን ራሱን የሚላጭ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሐዘንተኛ ነው። "ለማን ክብር?" አለ ካሣሁን ድምፁ እየሰለለ። አቤል የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ካሣሁንን አየው፣ ዘጋው፣ የፍሬን ሸራውንም ሳይገዛ እየተሰናከለ ወጣ። ይህ ደግሞ እንዲነግረኝ ተልኮ አቃተው፣ አለ ካሣሁን በሆዱ።

ቤት ሲገባ ብርነሽ መጋረጃውን ሁሉ አውርዳ አጥባለች። ምንጣፉ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል። ጥግ ላይ የላስቲክ ወንበር ተደራርቦ ቆሟል፤ የጎረቤታቸው የየሺወርቅ ነው።

"ይህ ምንድን ነው?" አላት።

"ቤት መጽዳት የለበትም እንዴ?"

"ወንበሩስ? እሱም ሊጸዳ ነው?"

"የሺወርቅ ቦታ ጠቧት ነው" አለችና ወደ ማጀት ገባች። ብርነሽ ስትዋሽ ጀርባዋን ነው የምትሰጥ። አብሯት የኖረበት ዘመን ሌላ ባያስተምረው ይህን አስተምሮታል። የለቅሶ ወንበር ነው፣ አለ። ሰው ይመጣል፣ ድንኳን ባይኖር ወንበር ይኖራል።

ሉሊት ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መጥታ አንገቱን አቀፈችው። እንዲህ አድርጋ ካቀፈችው ቆይታለች።

"ዳዲ፣ ጁማሞሲ ጠዋት ፕሊስ ቤት ሁን። ሳዋ?" አለችው፤ ጁማሞሲ የምትለው ቅዳሜን ነው።

"አንቺም ታውቂያለሽ ማለት ነው?"

"ምኑን?" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወደ ክፍሏ ሮጣ ገብታ ዘጋች። ካሣሁን ሳሎኑ መሃል ብቻውን ቆመ። ሁሉም ያውቃል። የማያውቅ ባለ ሐዘኑ ብቻ ነው።

ሐሙስና ዓርብን እንዴት እንዳሳለፈ እሱም አያውቀው። ሱቅ ሄዷል፣ ለደንበኛ የጠየቀውን ትቶ ሌላ ሸጧል፣ ተመልሶ መጥቷል። በየመሃሉ ስልኩን ያወጣል፣ የአስናቀን ስም ያያል፣ ይመልሰዋል። እንደገና ለመደወል ድፍረት አጣ። ያቺን ሴትዮ ደግሞ መስማት አልፈለገም።

ቅዳሜ ከብርነሽ ቀድሞ ተነሣ። ታጠበ። ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ጫማውን አሰረ፣ በሩን ፊት ለፊት አድርጎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ዛሬ እንኳ በፒጃማ አያገኙኝም ብሎ ነው። ብርነሽ ከመኝታ ቤት ስትወጣ እንዲያ ሆኖ አየችውና በር ላይ ቆመች።

"አወቅህ እንዴ?" አለችው።

"አወቅሁ።"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም።"

ብርነሽ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ መጥታ ግንባሩን ሳመችውና ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ማጀት ገባች። ካሣሁን ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ።

በሩ ተንኳኳ። ራሱ ተነሥቶ ከፈተ። ጋሽ አቡዘር ቆባቸውን አድርገው፣ ጃፈር ከኢስሊ ሱቁ የወጣ የሚመስል አዲስ ኮት ለብሶ፣ መሃላቸው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ቄሱን ሲያይ ያቺ የቀረችው ተስፋም ጠፋች።

"ባንታየሁስ?" አለ።

"ከታች መኪና ውስጥ ነው" አሉ ጋሽ አቡዘር። "እሱ መውጣት አይገባውም።"

ገባኝ፣ አለ በልቡ። የአባቴን ያረዳኝ እሱ ነበር፤ የወንድሜንም እንዴት ብሎ ይንገረኝ።

"ግቡ። ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም" አሉ ቄሱ። "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።"

ካሣሁን እዚህ ላይ ልብ ማለት ነበረበት። መርዶ ነጋሪ ባለ ሐዘኑን አስቀምጦ፣ ራሱም ተቀምጦ ነው የሚናገረው። ቆመን ካልተናገርን የሚሉ ሰዎች የሚመጡት ለሌላ ነው። ምን ያደርጋል፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲቀብር የከረመ ሰው ልብ የት አለው?

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጃችን ካሣሁን፣ ዛሬ እግዚአብሔር ፈቅዶ እቤትህ..."

"ይብቃዎት አባ። አውቃለሁ" አለ ካሣሁን። "አስናቀ ነው።" ከዚያ ሶፋው ላይ ወድቆ ራሱን ያዘ። "ወንድሜን" አለ። "ሳልታረቀው። ስልኩን ሳላነሣለት።" እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ሦስቱም ሰዎች ተያዩ። ጃፈር "ኢና ሊላሂ" አለና ግድግዳውን ተደገፈ። ቄሱ አማተቡ፣ "ነፍስ ይማር" አሉ። ብርነሽ ከማጀት ወጣች፤ "አስናቀ" የሚለውን ብቻ ሰምታ ደረቷን መታች። ሉሊት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በባዶ እግሯ መጣች፤ እናቷን አይታ እሷም ጀመረች። ለትንሽ ጊዜ ቤቱ እውነተኛ ለቅሶ ቤት ሆነ። የላስቲክ ወንበሩም ዝግጁ ነው።

ነገሩን ያቆሙት ጋሽ አቡዘር ናቸው። ፊሽካ ባይዙም ሜዳ ላይ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

"ቆዩ። ቆዩ። ካሣሁን፣ ማን ነገረህ?"

"ማን ይነግረኛል? ልትነግሩኝ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ።"

"እኛ?"

"ጃፈር ገለል አለልኝ" አለ ካሣሁን እንባውን እየዋጠ። "ባንታየሁ ወደቀልኝ። ሰደርያውን አሳጠባችሁልኝ። ሜዳው ተይዟል ብላችሁ ዋሻችሁኝ። አባባ የሞቱ ጊዜም ያደረጋችሁኝ ይህንኑ ነው።"

 ጃፈር አዲስ ጫማውን ያይ ጀመር። ከዚያ ቀስ ብሎ መጥቶ ካሣሁን ፊት ተንበረከከ፤ በዚያ ዕድሜ መንበርከክ ቀላል አይደለም።

"ካሤ" አለ። "እኛ የመጣነው ለሉሊት ነው።"

"ሉሊት ምን ሆነች?" አለ ካሣሁን። ልጁ ፊቱ ቆማለች።

"ምንም አልሆነችም። ለአቤል ስጠን ልንልህ ነው። ሽማግሌ ነን። እምቢ እንዳትለን ብለን ነው ሳምንቱን ያባበልንህ። አንተ ስለዚያ ልጅ ጸጉር ስትናገር የኖርከውን እናውቃለና።"

ካሣሁን አንድ በአንድ አያቸው። እንባው ሳይደርቅ ንዴቱ መጣ። "ጎሉስ?" አለ።

"ጎሉ የባንታየሁ ሐሳብ ነው" አለ ጃፈር። "ነገ ዘመድ የሚሆነኝን ሰው ጎል አልከለክለውም ብሎ ነው።"

ብርነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ይሁን ታለቅስ አልለየም። ካሣሁን ግን አልሳቀም። እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ አታለውታል፤ ሠርግ ነው ብለው ሞት የማይደብቁበት ምክንያት የለም።

"ስለ አስናቀ የሰማችሁት የለም?"

"ወላሂ የለም" አለ ጃፈር። ቄሱም መስቀላቸውን ነክተው ማሉለት። ጃፈር በመስኮት ብቅ ብሎ ከታች ያለውን ባንታየሁን ጠየቀው፤ ባንታየሁም አንገቱን ከመኪናው አውጥቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ ከፋሲካ ወዲህ ከደሴ ወሬ እንዳልሰማ ተናገረ። የካሣሁን ልብ ግማሹ አመነ፣ ግማሹ አላመነም።

ወደ ሉሊት ዞረ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ዳዲ፣ እኔማ ሎንግ ታይም ነው ኒሜኩባሊ ያልኩት" አለች ጣቶቿን እያፍተለተለች።

"ተስማምተሽ ጨርሰሻል።"

"እንደሱ ነው።"

ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ አይባልም፤ እሺ ቢሉ እንኳ ልጅ የረከሰች ይመስላል። የልጅቱ አባት ዘመድ ላማክር ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌ ተመልሶ ይመጣል። ካሣሁንም እንደ ወጉ፣ ብዙም ሳያስብ፣ "መልካም፣ ዘመድ ላማክር" አለ።

"ደግ ነው" አሉ ቄሱ። "ማንን ታማክራለህ?"

 ካሣሁን በዚህ ምድር ላይ የሚያማክረው የሥጋ ዘመድ አንድ ብቻ ነው። ሁሉም ያንን ያውቃሉ፤ ማንም ስሙን ለመጥራት አልደፈረም።

"አጎቷን" አለ ካሣሁን።

ያኔ ተቀመጡ። ቀጠሮ ተቆረጠ፣ የቀረበው ተበላ፣ ተመራርቀው ወጡ። ጃፈር በሩ ላይ ዞር ብሎ "የመጪው ቅዳሜ ግን ቅልጥምህን አልምርም" አለው። ካሣሁን ከሳምንት ወዲህ የሰማው የመጀመሪያው እውነተኛ ቃል ይህ ነበር።

ብርነሽ ሳታናግረው ስልኩን አምጥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ሉሊት አጠገቡ ተቀመጠች። ካሣሁን ስሙን አየ። ያቺ ሴትዮ ከመጣች አበቃ ማለት ነው። ነካውና ጆሮው ላይ አደረገ።

ጠራ። ደጋግሞ ጠራ።

"ሃሎ" አለ የደከመ፣ የጎረነነ የሽማግሌ ድምፅ። ካሣሁን አላወቀውም። ቀጥሎ ግን ሳል መጣ፤ ሳሉን አወቀው።

"አስናቀ። እኔ ነኝ፣ ካሣሁን።"

ወዲያ ማዶ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። አንድ ሰው አጠፋው።

"ማን ሞተ?" አለ አስናቀ።

 "ማንም አልሞተም" አለ ካሣሁን።

"ብርነሽ ናት?"

"ብርነሽ እዚህ ቆማለች።"

"ልጅቷስ?"

"ስለ እሷ ነው የደወልኩት። ሽማግሌ መጣባት። አጎቷን ሳላማክር እሺ አልልም ብዬ ነው።"

አስናቀ ሲተነፍስ ይሰማል።

"ካሣሁን" አለ። "በአባባ አፅም ይዤሃለሁ፣ አትደብቀኝ። ዝም ብሎ አይደወልም። የሆነ ነገር ካለ ንገረኝ፣ እችለዋለሁ።"

ካሣሁን ስልኩን ለሉሊት ሰጣት። ሉሊት "አጎቴ፣ ሉሊት ነኝ። ደህና ነኝ። ላገባ ነው" አለች። አማርኛዋ ለአፍታ እንኳ አልተደባለቀም። ስልኩን ስትመልስለት አስናቀ እያለቀሰ ነበር፤ ካሣሁንም ጠበቀው። ሁለቱም እስኪበቃቸው ድረስ ማንም ማንንም አላጽናናም።

"ያ ሹራብ" አለ አስናቀ ሲረጋጋ። "እኔ ጋ ነው። አንድ ቀን አልለበስኩትም። ለሰውም አልሰጠሁትም። ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር።"

ካሣሁን በመስኮት ወደ ውጭ አየ። የፓርክላንድስ ጭጋግ ገና አልተነሣም፤ ከታች ባንታየሁ መኪናውን አስነሥቶ ሲወጣ ይታያል።

"ለብሰኸው ና" አለው። "ሠርጉን ሐምሌ እናደርገዋለን። ናይሮቢ ሐምሌ ላይ ይበርዳል።"